ደንበኛን መጥራትና ደንበኛን ማቆየት፤ የቪዲዮ ጨዋታ ሐተታ አቅራቢዎች ገበያ

በንግድ ሥራ የተሠማራ ሰው ሁሉ ዘወትር በሁለት ጉዳዮች ይጨነቃል። አንደኛው በመንገድ የሚያልፈውን ሰው ወደ ሱቁ እንዴት እንደሚያስገባው ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ጊዜ የገባው ሰው ዕቃውን በዓይኑ ዳብሶ ብቻ እንዳይወጣ፣ ነገም ተመልሶ እንዲመጣ ምን ማድረግ እንደሚገባው ነው። የመጀመሪያው በቀለም፣ በመብራትና በጩኸት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን በጩኸት የሚገኝ አይደለም፤ ብዙ ሱቆችም በታላቅ ድግስ ተከፍተው በዓመቱ የሚዘጉት የመጀመሪያውን ብቻ ችለው ሁለተኛውን ሳያውቁት በመቅረታቸው ነው።

ይህ የቆየ የነጋዴ ጭንቀት ማንም ባልጠበቀው አንድ የሥራ መስክ ውስጥ በግልጽ ይታያል። በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር አንዳንድ ሰዎች በየቤታቸው ተቀምጠው፣ አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ማይክሮፎን ይዘው፣ ስለ ቪዲዮ ጨዋታዎች ረዣዥም ሐተታ በፊልም እያሰናዱ ዩቲዩብ በተባለው አደባባይ ያቀርባሉ። ሐተታው አንዳንድ ጊዜ ሃያ ደቂቃ፣ አንዳንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት፣ አልፎ አልፎም አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ተመልካቹ የመግቢያ ዋጋ አይከፍልም፤ በሩን የሚዘጋበትም ሰው የለም፤ ከሰለቸው በአንድ ጣት ንክኪ ወደ ሌላው ይሄዳል። እንዲህ ሆኖ ሳለ በመቶ ሺህና በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ከጥቂቶቹ አቅራቢዎች ዘንድ ተቀምጦ ያዳምጣል። ከነዚህም መካከል የሚወራለትን ጨዋታ ገዝቶ የማያውቅ፣ ወደፊትም የመግዛት አሳብ የሌለው ሰው ጥቂት አይደለም።

ጨዋታ የልጆች ጉዳይ ነው በማለት ይህን ገጽ አልፎ ወደ ቡና ዋጋ ዝርዝር ለመሄድ ያሰበ አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሥ። እዚህ ላይ የሚሸጠው ዕቃ ጨዋታው አይደለም። የሚሸጠው ሰው ከሥራና ከእንቅልፍ የተረፈው ጊዜ ሲሆን፣ ገዢውም ዕቃውን በማስታወቂያ የሚያስነግረው ነጋዴ ነው። ሐተታ አቅራቢው በሁለቱ መካከል ቆሞ የሚያገናኝ ነው፤ ከተራ ደላላ የሚለየው ግን ድካሙ የሚከፈለው ሰውን በማምጣቱ ሳይሆን በማስቆየቱ መሆኑ ላይ ነው። ለአንድ ሐተታ ብዙ ወራት የሚደክም ሰው በስድስተኛው ወር ያወጣው ሥራ ተመልካች ቢያጣ የሚመለስለት ወረት የለም፤ ያለፈው ጊዜ ነው ወረቱ።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ የገበያውን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ተቋቋመ፤ በ2006 ጉግል የተባለው ኩባንያ በ1,650 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በዚያው ዓመት ተራው አቅራቢ ከ10 ደቂቃ የሚበልጥ ፊልም እንዳያወጣ ተወሰነ፤ በ2010 ገደቡ ወደ 15 ደቂቃ ከፍ አለ፤ በዚያ ዓመት መጨረሻም ሕግ ጥሰው ለማያውቁ አቅራቢዎች ጨርሶ ይነሣ ጀመር። ከ2007 አንሥቶ ኩባንያው የማስታወቂያ ገቢውን ከአቅራቢዎች ጋራ ይካፈላል፤ በረዣዥም ፊልሞች ላይ ለአቅራቢው ከመቶ 55፣ ለኩባንያው ከመቶ 45 የሚለው ድርሻ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን የገበያው ሹም የሚቆጥረው የገባውን ሰው ብቻ ነበር። ፊልሙ ስንት ጊዜ ተከፈተ? ጥያቄው ይኸው ነበር። ስለዚህ ብልጣ ብልጦች በፊልሙ ውስጥ የሌለ ሥዕል በደጃፋቸው እየሰቀሉ፣ በሐተታው የማይገኝ ርዕስ እየጻፉ ሕዝቡን ይጠሩ ነበር። የተታለለው ሰው በዐሥር ሰከንድ ውስጥ ተናዶ ቢወጣም መግባቱ ተመዝግቦላቸዋልና ግድ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ2012 ዩቲዩብ ሚዛኑን ለወጠ። ፊልሞችን እየመረጠ ለተመልካች የሚጠቁመው መሣሪያ፣ አልጎሪዝም የሚባለው፣ ከዚያ ወዲህ ሰው ተቀምጦ የተመለከተበትን የጊዜ ርዝመት ይመዝን ጀመር። በመርካቶ ውስጥ ኪራይ የሚተመነው ደጁን በረገጠው ሰው ብዛት ሳይሆን ሰው በሱቁ ውስጥ በቆየበት ሰዓት ነው የሚል ደንብ ድንገት ቢወጣ፣ በማግሥቱ ስንቱ ሱቅ ወንበር ያስገባ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

በጃንዋሪ 2018 ደግሞ አዲስ ደንብ ተጨመረ። አንድ አቅራቢ ከማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ቢያንስ 1,000 ተከታታዮችና ባለፉት ዐሥራ ሁለት ወራት 4,000 የተመልካች ሰዓት እንዲኖረው ተጠየቀ። ሒሳቡን የሚወድ አንባቢ ይህን ልብ ይበል። አራት ሺህ ሰዓት ማለት 240,000 ደቂቃ ነው። የአምስት ደቂቃ ፊልም የሚያቀርብ ሰው፣ ተመልካቹ ግማሹን ቢያይለት፣ ይህን ለመሙላት 96,000 ጊዜ መታየት አለበት። የሁለት ሰዓት ሐተታ የሚያቀርበው ግን፣ ተመልካቹ ግማሹን ቢያይለት፣ 4,000 ጊዜ መታየት ይበቃዋል። ረዥም ሐተታ የበዛበት አንደኛው ምክንያት ይህ ነው። ነገር ግን «ግማሹን ቢያይለት» የምትለው ቃል ቀላል አይደለችም፤ አንድን ሰው ሁለት ደቂቃ ተኩል ማስቀመጥና አንድ ሰዓት ሙሉ ማስቀመጥ በጣም የተለያየ ሙያ ነው።

ለዚህም ማስረጃው በአቅራቢው ጠረጴዛ ላይ በየቀኑ ይቀርብለታል። ዩቲዩብ ለእያንዳንዱ ፊልም አንድ ሥዕላዊ መስመር ያሳየዋል፤ መስመሩም በየሰከንዱ ከተመልካቾቹ ስንቱ እንደ ቀሩና ስንቱ እንደ ሄዱ ይናገራል። በሠላሳኛው ሰከንድ ላይ ከመቶ ስንት ሰው እንደ ቀረ ለብቻው ተጽፎ ይቀርባል። ባለሱቅ ደንበኛው የትኛውን መደርደሪያ ሲያይ ፊቱን እንዳዞረ በትክክል ቢያውቅ ኖሮ ምን ያህል ይጠቀም ነበር! ብዙዎች አቅራቢዎች ይህን መስመር እያዩ ፊልማቸውን በጩኸት፣ በሚበርሩ ፊደላትና በማያቋርጥ ሣቅ ሞልተውታል። ለሐተታ አቅራቢዎቹ የሚገርመው ግን፣ ከነሱ መካከል የጸኑት በአብዛኛው ይህን ያላደረጉት መሆናቸው ነው።

‹ሰመኒንግ ሶልት› በሚል የብዕር ስም የሚታወቁትን አሜሪካዊ ለምሳሌ ማንሣት ይበቃል። እኚህ ሰው የሚያቀርቡት የስፒድረን ታሪክ ነው። ስፒድረን ማለት አንድን ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባነሰ ጊዜ ማን ይፈጽመዋል የሚል ውድድር ሲሆን፣ ተወዳዳሪዎቹ በየቤታቸው ሆነው አንዱን ጨዋታ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ ይሞክራሉ። በደረቁ ሲነገር ከዚህ የበለጠ አሰልቺ ወሬ የለም። እገሌ በዚህ ዓመት በዚህን ያህል ደቂቃ ፈጸመ፤ ሌላው በተከታዩ ዓመት ሁለት ሰከንድ ቀነሰ፤ ሦስተኛው ግማሽ ሰከንድ ቀነሰ። የመዝገብ ቤት ሥራ ይመስላል።

አቅራቢው ግን ነገሩን የሚጀምሩት ከሰውየው ሳይሆን ከግድግዳው ነው። በመጀመሪያ ተወዳዳሪዎች ሁሉ «ከዚህ በታች መውረድ አይቻልም» ብለው የተስማሙበትን ወሰን ያስቀምጣሉ፤ የማይቻልበትንም ምክንያት ጨዋታውን አይቶ ለማያውቅ ሰው እንኳ በሚገባ ቋንቋ ያስረዳሉ። ከዚያ በኋላ የክብረ ወሰኑን መስመር በሥዕል ያሳያሉ፤ መስመሩ ዓመት በዓመት ቁልቁል ይወርዳል፤ ተመልካቹም ቀጣዩ ደረጃ የት እንደ ሆነ ይጠብቃል። አዲስ ዘዴ በተገኘ ቁጥር ዘዴው ከምን እንደ መጣና ስንት ሰከንድ እንደሚያተርፍ ይነገረዋል። በዚህ ምክንያት ያ ተወዳዳሪ በመጨረሻ ሙከራውን ሲያደርግ ተመልካቹ ተራ ታዛቢ መሆኑ ቀርቶ ዳኛ ሆኗል፤ የቱ ላይ እንደ ተሳካና የቱ ላይ እንደ ተበላሸ ራሱ ያያል። ሰው ዳኛ ከሆነበት ሸንጎ ተነሥቶ አይሄድም። በሀገራችን በዛፍ ጥላ ሥር የሚደረገውን የሙግት ችሎት ከዳር ቆሞ ያዳመጠ መንገደኛ፣ ጉዳዩ የማይነካው ሆኖ ሳለ ፍርዱን ሳይሰማ የማይሄደው ስለዚሁ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አቅራቢው ስለ ዕቃው የሚናገሩት ከሩቅ ሰምተው አይደለም። በ1987 የወጣው ‹ማይክ ታይሰንስ ፓንች-አውት› የተባለው የኒንቴንዶ የቡጢ ጨዋታ ዋና ተወዳዳሪ ናቸው። በጃንዋሪ 2025 በዚያ ጨዋታ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ታይሰንን ከ2 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ፤ ለዚህም ወደ 75,000 የሚጠጋ ሙከራ አድርገዋል። ጨርቁን ራሱ የሸመነ ሰው ስለ ጨርቁ ሲናገር ገዢው ከድምፁ ያውቀዋል።

እንግሊዛዊው ሚስተር ማርክ ብራውን በተለየ መንገድ ይሠራሉ። ቀድሞ ስለ ጨዋታዎች ይጽፉ የነበሩ ጋዜጠኛ ሲሆኑ፣ ከ2014 ጀምሮ ‹ጌም ሜከርስ ቱልኪት› በተባለው ቻናላቸው ጨዋታዎች እንዴት እንደሚሠሩ ያስረዳሉ። በ2016 በጀመሩት አንድ ተከታታይ ሐተታ ‹ዜልዳ› የተባለውን የኒንቴንዶ ጨዋታ ጉድጓዶችና ቤተ መንግሥቶች እየከፈቱ፣ የትኛው ቁልፍ የትኛውን በር እንደሚከፍትና ተጫዋቹ የት ላይ ምርጫ እንዳለው፣ የት ላይ ደግሞ በአንድ መንገድ እንደሚነዳ በቀላል ሥዕል አሳዩ። ተመልካቹ ያንን ጨዋታ በልጅነቱ ተጫውቶት ይሆናል፤ በእጁ ያውቀዋል፤ ለምን ደስ እንዳለው ግን አያውቅም። ቡናውን ለሃያ ዓመት ሲለቅም የኖረ ገበሬ ወደ ቀማሹ ክፍል ገብቶ፣ ከማሳው የመጣው ቡና ከጎረቤቱ የሚለይበት ጣዕም በስም ሲጠራለት ቢሰማ የሚሰማው ስሜት ይህን ይመስላል። ዕቃው የራሱ ነው፤ ስሙን ግን ሌላ ሰው ሰጠው። እንዲህ ያለ ስጦታ የተቀበለ ሰው ስጦታውን ወደ ሰጠው ሰው ይመለሳል።

የሚስተር ጄኮብ ጌለር ሱቅ ደግሞ ሰው ስኳር ሊገዛ ገብቶ መጽሐፍ ይዞ የሚወጣበት ዓይነት ነው። በ2019 ካቀረቧቸው ሐተታዎች አንዱ ስለ ዘመናዊ ሥዕል ጥላቻ ሲሆን፣ በ1986 በአምስተርዳም በስቴደሊክ ሙዚየም በቢላዋ ስለ ተቀደደው የባርኔት ኒውማን ታላቅ ሥዕል ያወራል። ለጨዋታ የመጣው ሰው ስለ ሥዕል መስማት ይጀምራል፤ በመካከሉም ወደ ጨዋታው ይመለሳል፤ ሲወጣም ሁለቱን አንድ ላይ ያስባል። ይህ ዘዴ አደገኛ ነው፤ ያልፈለገውን ዕቃ የቀረበለት ደንበኛ ብዙ ጊዜ ይቆጣልና። የሚሳካው ደንበኛው ባለሱቁን አምኖ «ይህ ሰው ያለ ምክንያት አያወጣውም» ለማለት ሲደርስ ብቻ ነው።

ስለ ደጃፉ ሥዕልና ስለ ርዕሱም ጥቂት ማለት ይገባል። ተምኔል የሚባለው ትንሹ ሥዕል የሱቁ ሰሌዳ ነው። ሚስተር ሃሪ ብሩዊስ፣ ‹ኤችቦምበርጋይ› በሚል ስም የሚታወቁት እንግሊዛዊ፣ በ2019 ‹ፓቶሎጂክ› ስለተባለ ጨዋታ ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ሐተታ ሲያወጡ በርዕሱ ላይ ጨዋታው የሊቅ ሥራ መሆኑንና ምክንያቱንም እንደሚያስረዱ አስታወቁ። ፓቶሎጂክ በ2005 በሩስያ የወጣ፣ አንዲት በወረርሽኝ የተያዘች ከተማን በዐሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ለማዳን የሚሞክሩ ሦስት ሐኪሞችን ታሪክ የሚያሳይ፣ ተጫዋቹን ሆን ብሎ የሚያስርብና የሚያስጨንቅ ጨዋታ ነው። በገበያ ቋንቋ ሲነገር መጥፎ ዕቃ ነው። ርዕሱ ግን ክርክር ነው፤ የሚያልፈው ሰው «እንዴት እንዲህ ሊባል ይችላል?» ብሎ ይቆማል። ከዚህ የሚበልጠው ነገር ግን በውስጡ ያለው ነው፤ አቅራቢው በሰሌዳው ላይ የገቡትን ቃል በሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ በአንድ ይከፍላሉ፤ የጨዋታውን ጉድለት ሳይደብቁ፣ ራሱ ጉድለቱ ለምን ሥራ እንደ ገባ ያሳያሉ። የዕቃውን እንከን አስቀድሞ የተናገረ ሻጭ ሲያመሰግነው ይታመናል። ይህን ለባለሱቆች ማስተማር አያስፈልግም፤ ማድረጉ ነው የሚቸግረው።

ድምፅም የራሱ ድርሻ አለው። አሜሪካዊው ሚስተር ኖኣ ኮልድዌል-ጀርቬ አንድን የጨዋታ ተከታታይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እየመረመሩ ለብዙ ሰዓታት በተራ፣ በረጋ፣ ባልተቸኮለ ድምፅ ይናገራሉ፤ የሚበርር ፊደል የለም፤ ሙዚቃውም ጥቂት ነው። እንዲህ ያለውን ሐተታ ብዙው ሰው ፊቱን ሰክቶ አይመለከትም፤ ሳህን ሲያጥብ፣ መኪና ሲነዳ፣ ሌሊት ዘበኛ ሆኖ ሲያድር ያዳምጠዋል። ልብስ ሰፊ ቀኑን ሙሉ ከመኪናው አጠገብ ሬዲዮውን ከፍቶ እንደሚውለው መሆኑ ነው። ለአልጎሪዝሙ የልብስ ሰፊው ሰዓትም ሰዓት ነው።

እነዚህ ሰዎች ሲሳካላቸው ያዩ ብዙዎች ርዝመቱን ብቻ ኮረጁ። ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ሐተታ አውጥተው የጨዋታውን ታሪክ ከሀ እስከ ፐ ይተርካሉ፤ ጥያቄ የለበትም፤ ፍርድ የለበትም፤ ተመልካቹ ያየውን እንደ ገና ያሳዩታል። መስመሩም በሠላሳኛው ሰከንድ ቁልቁል ይወርዳል። ጠላ ስለ ቀጠነ ማሰሮ ማብዛት አይጠቅመውም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሥራን መስረቅ ነው። በኦገስት 2018 አይ.ጂ.ኤን. የተባለው ታላቅ የጨዋታ ዜና ድርጅት ‹ዴድ ሴልስ› ስለተባለ ጨዋታ ያወጣው ግምገማ ከአንድ አነስተኛ የዩቲዩብ አቅራቢ ሥራ የተገለበጠ መሆኑ ስለ ታወቀ፣ ድርጅቱ ግምገማውን አነሣ፤ ጸሐፊውንም አሰናበተ። ጉዳዩን ያወቀው ያ አነስተኛ አቅራቢ ራሱ ነበር፤ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን አድርጎ ለሕዝብ አሳየ። ሚስተር ብሩዊስ በዲሴምበር 2023 አራት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ በቀረው ሐተታቸው ይህንኑና ሌሎች የስርቆት ጉዳዮችን አንድ ላይ አነጠፉ። በሐተታው ከተነሡት መካከል አንዱ አቅራቢ ሥራውን እስከ ማቆም ደረሰ። በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ያን ሐተታ መመልከቱ የሚያስደንቅ ነው፤ ጉዳዩ ደረቅ የምንጭና የጥቅስ ጉዳይ ነውና። ተመልካቾቹ ግን እንደ ተበዳይ ነበር የሚያዩት። ጊዜያቸውን ሰጥተው የቆዩት የአንድን ሰው አሳብ እየሰሙ መስሏቸው ነበር፤ ለካስ ሲሰሙ የቆዩት የሌላ ሰው ዕቃ ሌላ ምልክት ተለጥፎበት ነው። የታወቀ የንግድ ምልክት ተመስሎ የተሠራ ዕቃ ተሸጦላቸው የሚያውቁ አስመጪዎች የዚህን ቁጣ መጠን ይረዱታል።

ስለ ምልክት ከተነሣ፣ ደንበኛው የሚቆየው በሰሌዳው ነው ወይስ በሰውየው? የሚለው ጥያቄ በኖቬምበር 2023 በግልጽ ተፈትኗል። እንግሊዛዊው ሚስተር ቤን ክሮሻው ከ2007 ጀምሮ ‹ዜሮ ፓንክቹዌሽን› የተባለ አጭር፣ ፈጣንና ምላሰ ስለታም ግምገማ ‹ዘ ኢስኬፒስት› በተባለው መጽሔት ስም በየሳምንቱ ያቀርቡ ነበር። ከቀለማት መካከል ቢጫው ብቻ ጀርባ ሆኖ፣ ቀላል ሥዕሎች እየተፈራረቁ፣ ትንፋሽ በማይሰጥ አነጋገር አምስት ደቂቃ ያህል ይናገራሉ፤ ይህንንም ለዐሥራ ስድስት ዓመታት ያህል አላቋረጡም። መጽሔቱን ከ2022 ጀምሮ ይዞት የነበረው ጋመርስ የተባለ ኩባንያ በኖቬምበር 6 ቀን 2023 የመጽሔቱን ዋና አዘጋጅ አሰናበተ። የፊልም ክፍሉ ሠራተኞች፣ ሚስተር ክሮሻው ጭምር፣ ሥራቸውን ለቅቀው ወጡ። ‹ዜሮ ፓንክቹዌሽን› የሚለው ስም በኩባንያው እጅ ቀረ።

በሒሳብ መዝገብ ሲታይ ዐሥራ ስድስት ዓመት የተገነባው ሀብት ሁሉ፣ ስሙ፣ ቻናሉ፣ የቆዩት ፊልሞች ሁሉ፣ በዚያን ጊዜ ከባለቤቱ ጋራ ቀርቶ ነበር። የወጡት ሰዎች ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ‹ሰከንድ ዊንድ› የተባለ ራሳቸው የያዙት አዲስ ቤት ከፈቱ፤ ሚስተር ክሮሻውም ‹ፉሊ ራምብሎማቲክ› በሚል አዲስ ርዕስ ያንኑ ድምፅና ያንኑ ፍጥነት ይዘው ቀጠሉ። በሺህ የሚቆጠሩ ተመልካቾችም ወዲያውኑ ተከትለዋቸው ወርኃዊ መዋጮ መክፈል ጀመሩ። መልካም ስም በሱቅ ሽያጭ ጊዜ በገንዘብ ተተምኖ የሚዘዋወር ሀብት መሆኑን የሚያውቁ ነጋዴዎች፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ገዢው የያዘው ምን እንደ ነበር ቢጠይቁ ተገቢ ነው። ሰሌዳውን ገዝቶ ድምፁን አጥቷል።

ወርኃዊ መዋጮ የተባለውም ማብራሪያ ያሻዋል። ሐተታ አቅራቢዎቹ በማስታወቂያ ገቢ ብቻ መኖር እንደማይቻል ተምረዋል፤ ትምህርቱም ውድ ነበር። በማርች 2017 ታላላቅ ኩባንያዎች ማስታወቂያቸው በመጥፎ ፊልሞች ላይ እንደ ተለጠፈ ሲያዩ ከዩቲዩብ አስወጡ፤ በዚህም ምክንያት ምንም ጥፋት የሌለባቸው አቅራቢዎች ገቢ በአንድ ወር ውስጥ አሽቆለቆለ። በ2022 ደግሞ ከላይ የተነሡት የስፒድረን ታሪክ አቅራቢ ‹ሜጋ ማን 2› ስለተባለ ጨዋታ ብዙ ወራት ደክመው ያወጡት ሐተታ፣ በውስጡ በተሰሙ ጥቂት የስድብ ቃላት የተነሣ በዕድሜ ገደብ ሥር ተደረገ። በዕድሜ ገደብ ሥር የዋለ ፊልም አልጎሪዝሙ እምብዛም አይጠቁመውም፤ ማስታወቂያም ይርቀዋል። ሱቅህ ክፍት ነው፣ መንገዱ ግን ተዘግቷል እንደ ማለት ነው። አቅራቢው ነገሩን በአደባባይ ተከራክረዋል፤ ዩቲዩብም በማርች 2023 የስድብ ቃላትን የሚመለከተውን የማስታወቂያ ደንብ አላላ። በመካከሉ ግን የዳኛው ስሜት ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

ፓትሪዮን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሚስተር ጃክ ኮንቴ ራሳቸው ሙዚቀኛ ነበሩ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ተመልካቹ በፈቃዱ በየወሩ ጥቂት ዶላር ይከፍላል፣ ድርጅቱ ኮሚሲዮኑን ያስቀራል፣ የቀረው ለአቅራቢው ይደርሳል። ሐተታው ለከፈለውም ላልከፈለውም በነጻ ይታያል። ታዲያ ሰው በነጻ ለሚያገኘው ነገር ለምን ይከፍላል? በሀገራችን ዕድር ውስጥ ያደገ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ አያጣም፤ ዕድርተኛው በየወሩ የሚያዋጣው ዛሬ ስለሚያገኘው ነገር ሳይሆን ድንኳኑ እንዳይጠፋ ነው። ለአቅራቢው ደግሞ ይህ ገንዘብ ሌላ ጥቅም አለው። በየሳምንቱ አንድ ነገር ለማውጣት ሳይገደድ ለአንድ ሥራ ግማሽ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ሚስተር ብሩዊስ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ሥራ ብቻ የሚያወጡበት ጊዜ አለ፤ ተመልካቾቹም ይጠብቃሉ። ዕቃው በመደርደሪያ ላይ አለመኖሩ ራሱ ዋጋውን እንደሚጠብቅለት ልባም አስመጪ ያውቀዋል፤ ይህ የሚሆነው ግን ዕቃው ሲመጣ እንደ ተባለው ሆኖ ሲገኝ ነው።

በሐተታው መካከል የሌላ ኩባንያ ዕቃ ማስተዋወቅም የተለመደ የገቢ መንገድ ነው። በዚህ ጊዜ አቅራቢው የሚያከራየው ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ታማኝነቱን ነው፤ ብዙ ዓመት የተጠራቀመ ታማኝነት ላልመረመረው ዕቃ ቢውል ኪሣራው በዚያ ወር ሒሳብ ውስጥ አይታይም።

ሚስተር ብራውን በበኩላቸው ሦስተኛ መንገድ ይዘዋል። ከ2017 ጀምሮ በየዓመቱ ተመልካቾቻቸውን በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ትንሽ ጨዋታ ሠርተው እንዲያቀርቡ ይጋብዛሉ፤ በሺህ የሚቆጠር ጨዋታም ይቀርብላቸዋል። በ2021 ደግሞ የራሳቸውን ጨዋታ ሊሠሩ እንደ ተነሡ አስታውቀው፣ ሥራው የተሰናከለበትን፣ የተጣለውንና እንደ ገና የተጀመረውን ሁሉ በተከታታይ ሐተታ ለተመልካች ያሳዩ ጀመር። ለዓመታት የሌሎችን ዕቃ ሲመዝን የኖረ ሰው የራሱን ዕቃ በዚያው ሚዛን ላይ ሲያወጣ ምን እንደሚሆን የማወቅ ጉጉት ነበር ተመልካቹን የያዘው። ‹ማይንድ ኦቨር ማግኔት› የተባለው ይህ ጨዋታ፣ በማግኔት እየሳበና እየገፋ በሮችን የሚከፍት አንድ ትንሽ ሮቦት ያለበት፣ በኖቬምበር 13 ቀን 2024 ለሽያጭ ቀረበ።